ለማይድን የእግር ቁስል የትኛው ሕክምና? ሌዘሩና ሌሎቹ አማራጮች ሲነጻጸሩ

እግር ላይ የወጣ ቁስል ብዙውን ጊዜ በሁለትና በሦስት ሳምንት ይጠግጋል። ስድስት ሳምንት አልፎትም እርጥብ ከሆነ፣ እንዳይጠግግ የያዘው ነገር አለ ማለት ነው። ችግሩ ሰው እዚህ ላይ ሲደርስ ምክሩ ይበዛበታል። አንዱ ቅባት ያዛል። ሌላው ፋሻ አጥብቆ ያስራል። ሦስተኛው «ሌዘር አለን፣ አያምም፣ አይቆርጥም» ይላል። አራተኛው ደም ሥሩ መዘጋት አለበት ይላል። ሁሉም ገንዘብ ይፈልጋል፣ ሁሉም ምልልስ አለው። ቁስሉ ደግሞ እስከዚያው ይፈሳል፣ ይሸታል፣ እንቅልፍ ይነሳል።

ይህ መመሪያ የተጻፈው እዚህ መስቀለኛ መንገድ ላይ ላሉ ሰዎችና ለሚያስታምሟቸው ነው። ዋናው ትኩረቴ ዝቅተኛ ኃይል ያለው ሌዘር ነው፤ ብዙ የሚወራለትና ብዙ ጥያቄ የሚነሳበት እሱ ስለሆነ። ግን ሌዘሩን ለብቻው አይቶ መወሰን አይቻልም። ከሌሎቹ ጎን መቆም አለበት። የማንንም መሣሪያ ስም አልጠራም።

መጀመሪያ፦ ቁስሉ የምን ቁስል ነው?

ይህን ሳይመልሱ ወደ ሕክምና ምርጫ አይሂዱ። ከሁሉም በላይ ገንዘብና ጊዜ የሚባክነው እዚህ ላይ ነው።

ከጉልበት በታች ከሚወጡ የማይድኑ ቁስሎች አብዛኛዎቹ ከደም መላሽ ሥሮች ችግር የሚመጡ ናቸው። እነዚህ ሥሮች ደምን ወደ ልብ ይመልሳሉ። ውስጣቸው ደሙ ወደ ታች እንዳይወርድ የሚያግዱ ትናንሽ ቫልቮች አሉ። ቫልቮቹ ሲላሉ ደሙ እግር ላይ ይጠራቀማል። ግፊቱ ይጨምራል፣ እግሩ ያብጣል፣ ቆዳው ይጠቁራል፣ ይደድራል፣ ያሳክካል። ከዚያ ወዲያ ትንሽ ጭረት ይበቃል። ቁስሉ ብዙ ጊዜ በቁርጭምጭሚት አካባቢ፣ በውስጠኛው ጎን ይወጣል። ጥልቀት የለውም፣ ጠርዙ ወጣ ገባ ነው፣ ፈሳሹ ብዙ ነው።

ሁለተኛው ዓይነት የሚመጣው ከደም ወሳጅ ሥር መጥበብ ነው። ደም ወደ እግር በበቂ አይደርስም። ቁስሉ ጣቶች፣ ተረከዝ ወይም የእግር ጀርባ ላይ ይወጣል። ጠርዙ ጥርት ያለ፣ ውስጡ ጥልቅና ደረቅ ነው። እግሩ ይቀዘቅዛል። ሕመሙ ሌሊት ይብሳል፤ እግርን ከአልጋ ወደ ታች ሲያንጠለጥሉት ቀለል ይላል። ሁለቱ ችግሮች አንድ እግር ላይ አብረው ሊገኙም ይችላሉ።

ሦስተኛው የስኳር ሕመምተኞች ቁስል ነው። እግሩ ስለደነዘዘ ጫማ ሲልጠው፣ ጠጠር ሲወጋው አይታወቅም። ብዙ ጊዜ በውስጥ እግር በኩል፣ ክብደት በሚያርፍበት ቦታ ይወጣል። ከእነዚህ ሌላ ሲክል ሴል (በዘር የሚተላለፍ የቀይ ደም ሕዋስ በሽታ)፣ የደም ሥር ብግነት፣ አንዳንድ ኢንፌክሽኖችና የቆዳ ካንሰርም የእግር ቁስል መስለው ይመጣሉ።

የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን የሚለየው ምርመራ ቀላል ነው። የቁርጭምጭሚት የደም ግፊት፣ የደም ፍሰትን በድምፅ ሞገድ በሚያዳምጥ ትንሽ የዶፕለር መሣሪያ ይለካል። ከዚያ ለክንድ የደም ግፊት ይካፈላል። ውጤቱ ከ0.8 እስከ 1.3 ከሆነ ደም ወደ እግር በደንብ እየደረሰ ነው። ከ0.8 በታች ከሆነ ደም ወሳጁ ጠቧል። ከ0.5 በታች ከሆነ ከባድ ነው፤ ወደ ደም ሥር ሐኪም በፍጥነት መሄድ ያስፈልጋል። በስኳር ሕመምተኞች ላይ ግን ይህ ቁጥር ሊያታልል ይችላል። ደም ወሳጆቻቸው ስለሚደድሩ ግፊቱ ከእውነቱ በላይ ከፍ ብሎ ይታያል። ለእነሱ የእግር ጣት ግፊት ቢለካ ይሻላል።

ይህ ምርመራ ሳይሠራ እግርዎን አጥብቆ ሊያስር ወይም የሌዘር ቀጠሮ ሊሰጥዎ የሚቸኩል ካለ፣ ቆም ብለው ያስቡበት።

በምን እንመዝን?

እኔ አምስት መለኪያ እጠቀማለሁ። ሕክምናው የቁስሉን ምክንያት ይነካል ወይስ የቁስሉን ገጽ ብቻ? በሰው ላይ ተሞክሮ፣ ከሌላ ሕክምና ጋር ተነጻጽሮ ምን ተገኘ? ምን ጉዳት ሊያደርስ ይችላል? ስንት ምልልስ ይጠይቃል? በመጨረሻም ጠቅላላ ወጪው።

አምስቱ እኩል ክብደት የላቸውም። የመጀመሪያው ይበልጣል። ምክንያቱ ካልተነካ ቁስሉ ቢዘጋም ተመልሶ ይመጣል። ጣሪያው እያፈሰሰ ወለሉን ማድረቅ ይሆናል። ወጪንም ሲያሰሉ የአንዱን ቀን ዋጋ አይውሰዱ። በሳምንት ስንቴ፣ ለስንት ሳምንት፣ ከትራንስፖርቱና ከሥራ ከሚቀሩበት ቀን ጋር ደምሩት። ርካሽ የሚመስለው ሕክምና ሲደመር ብዙ ጊዜ ውድ ሆኖ ይገኛል።

መጭመቂያ ፋሻና ካልሲ

ለደም መላሽ ቁስል የሕክምናው መሠረት ይህ ነው። እግሩ ከጣቶቹ ሥር ጀምሮ እስከ ጉልበት በሥርዓት ይታሰራል። ቁርጭምጭሚት ላይ 40 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ገደማ ግፊት እንዲያርፍ ይደረጋል፤ ወደ ላይ ሲሄድ ይቀንሳል። የተጠራቀመው ደምና ፈሳሽ ወደ ላይ ይገፋል፣ እብጠቱ ይወርዳል፣ ቆዳው ይተነፍሳል። ቁስሉ የሚድንበት ዕድል የሚያገኘው ያኔ ነው።

ማስረጃው ጠንካራ ነው። ብዙ ጥናቶች መጭመቂያ ያላቸውንና የሌላቸውን አነጻጽረዋል። መጭመቂያ ያደረጉት ቶሎ ድነዋል። በፋሻና በካልሲ መካከል ያለውን ልዩነት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2014 (ሌሎቹም ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የታተመ የእንግሊዝ ጥናት በ457 ሰዎች ላይ መርምሮታል። ባለአራት ድርብ ፋሻ ያሰሩት በመካከለኛ ግምት በ98 ቀን ዳኑ። ባለሁለት ድርብ መጭመቂያ ካልሲ ያደረጉት በ99 ቀን። ልዩነት የለም ማለት ይቻላል። በካልሲው ወገን ግን አልመች ብሏቸው ሕክምናቸውን የቀየሩት በርከት ይላሉ።

ፋሻ የሚያስረው ሰው መልመድ አለበት። ልል ከሆነ አይሠራም። አጉል ከጠበቀ ቆዳ ይጎዳል። የተለመደው ባለአራት ድርብ ፋሻ በሳምንት አንዴ ገደማ ይቀየራል፤ ፈሳሹ ሲበዛ ቶሎ ቶሎ። ካልሲን ቤት ውስጥ ራስዎ ማድረግ ይችላሉ። ወገባቸውን ለሚያማቸውና እጃቸው ለደከመ ግን ማጥለቁ ፈተና ነው። ለእነዚህ በማጣበቂያ የሚታሰር መጠቅለያ አለ፤ ይቀላል።

ብዙ ሰው መጭመቂያን የሚያቆመው ስለሚያም ነው። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ይከብዳሉ፣ እውነት ነው። ማስታገሻ መውሰድ ይቻላል። በዝቅተኛ ግፊት ጀምሮ ቀስ በቀስ ማጥበቅም ይቻላል። «አልቻልኩም» ብሎ ከመተው በፊት ይህን ለባለሙያው ይንገሩ። ጣቶችዎ ከደነዘዙ፣ ከቀዘቀዙ ወይም ቀለማቸው ከተለወጠ ግን ፋሻውን ወዲያው ይፍቱ።

ትልቁ ስጋት ደም ወሳጁ የጠበበበት እግር ላይ መጭመቂያ ማሰር ነው። ያን እግር እስከ ማሳጣት ሊደርስ ይችላል። ከላይ ስለ ዶፕለር ምርመራ አጥብቄ የጻፍኩት ለዚህ ነው።

የተበላሸውን ደም መላሽ መዝጋት

መጭመቂያ ግፊቱን ከውጭ ይቋቋማል። ይህ ደግሞ የግፊቱን ምንጭ ይዘጋል። ቀጭን ገመድ መሰል ቱቦ ወደ ሥሩ ገብቶ በሌዘር ወይም በሬዲዮ ሞገድ ሙቀት ያሽገዋል። አንዳንዴ በመርፌ የሚሰጥ አረፋ ይህንኑ ይሠራል። በአካባቢ ማደንዘዣ የሚከናወን ስለሆነ አብዛኛው ሰው በዚያው ቀን ቤቱ ይገባል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ይለዩ። ይህ ሌዘር በሙቀት ሥር የሚዘጋ ነው። ቁስል ላይ የሚበራው ዝቅተኛ ኃይል ያለው ሌዘር ፈጽሞ ሌላ ሕክምና ነው። ማስታወቂያ ላይ ሁለቱም «የሌዘር ሕክምና» ተብለው ይጻፋሉ። የአንዱን ጥሩ ውጤት ለሌላው ማስመስከሪያ አድርገው የሚያቀርቡም አሉ። «ሌዘር» ሲባሉ፣ ወደ ደም ሥሬ ይገባል ወይስ ቁስሌ ላይ ይበራል ብለው ይጠይቁ።

በዚህ ላይ ያለው ማስረጃ ጥሩ ነው። በ2018 የታተመ ጥናት 450 ሰዎችን በሁለት ከፈለ። የአንዱ ቡድን ደም መላሽ ገና በጊዜ ተዘጋ፤ የሌላው ቁስሉ እስኪድን ወይም ስድስት ወር እስኪሞላ ተጠበቀ። ሁለቱም መጭመቂያ ነበራቸው። በጊዜ የተዘጋላቸው በመካከለኛ ግምት በ56 ቀን ዳኑ። የዘገየባቸው በ82 ቀን። ቀደም ብሎ በ2004 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ከመጭመቂያ ጋር ደም መላሹ ላይ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን ተከታትሏል። በአንድ ዓመት ውስጥ ቁስል የተመለሰባቸው 12 በመቶ ነበሩ። መጭመቂያ ብቻ ባደረጉት ላይ 28 በመቶ ነበር።

መጀመሪያ የሚወጣው ገንዘብ ከፍ ይላል። ሥሩን በአልትራሳውንድ ማየት ይጠይቃል፤ የሠለጠነ ሐኪም ይጠይቃል። ለሁሉም አይሆንም። በጥልቁ ሥር ውስጥ የረጋ ደም ወይም መዘጋት ካለ ሐኪሙ ሊተወው ይችላል። ሆኖም ለሚገባው ሰው፣ ዳግም ቁስል ከመመለሱ አንጻር ሲታይ፣ ከዝርዝሩ ሁሉ ለገንዘቡ የሚያዋጣ ይህ ይመስለኛል።

ቅባቶችና የቁስል መሸፈኛዎች

እዚህ ላይ አልቆይም። ቁስል መሸፈን አለበት፤ እርጥበቱ ተጠብቆ፣ ትርፉ ፈሳሽ ተመጥጦ። ከዚያ በላይ ውድ መሸፈኛ በራሱ ቁስል አይዘጋም። የብር ማዕድን ያለበት መሸፈኛ በ2009 በታተመ ጥናት ብር ከሌለው ጋር ሲወዳደር የመዳኛ ጊዜን አላሳጠረም። ማር የተነከረ የሕክምና መሸፈኛም በ2008 በኒውዚላንድ በ368 ሰዎች ላይ ተሞክሮ መዳንን አላፋጠነም፤ ሕመም ግን ጨምሯል። የማይጣበቅ ቀላል መሸፈኛ ገዝተው የተረፈውን ገንዘብ ለመጭመቂያው ያውሉት።

አንቲባዮቲክም እንደዚሁ። ማንኛውም የቆየ ቁስል ላይ ባክቴሪያ ይኖራል። መድኃኒት የሚያስፈልገው የኢንፌክሽን ምልክት ሲኖር ነው፦ አዲስ ሕመም፣ ሙቀት፣ እብጠት፣ መግል፣ ትኩሳት። ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ መቅላቱ ስለማይታይ በእጅ ነክቶ ሙቀቱን ከሌላው እግር ጋር ማወዳደር ይረዳል።

ዝቅተኛ ኃይል ያለው ሌዘር

ታሪኩ ከ1967 ይጀምራል። ኤንድሬ ሜሽተር የተባለ የሃንጋሪ ሐኪም ቡዳፔስት ውስጥ በሌዘር አይጦች ላይ ሙከራ ያደርግ ነበር። ጀርባቸውን ላጭቶ ደካማ የሩቢ ሌዘር አበራባቸው። ብርሃኑ ካንሰር ያመጣ እንደሆነ ማየት ፈልጎ ነው። ካንሰር አላመጣም። የተላጨው ጸጉር ግን ሌዘር ባረፈባቸው አይጦች ላይ ቶሎ አደገ። ከዚያ በኋላ ሜሽተር ብርሃኑን በማይድኑ ቁስሎች ላይ መሞከር ጀመረ። ስለዚህ የእግር ቁስል ከዚህ ሕክምና የመጀመሪያ ዒላማዎች አንዱ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ቀይ ብርሃን (ከ630 እስከ 660 ናኖሜትር ገደማ) ወይም ለዓይን የማይታይ ኢንፍራሬድ (ከ780 እስከ 905 ገደማ) ቁስሉና ዙሪያው ላይ ይበራል። ኃይሉ ብዙ ጊዜ ከ500 ሚሊዋት አይበልጥም። አይቆርጥም፣ አያቃጥልም፤ አብዛኛው ሰው ምንም አይሰማውም። ቀዩ ጥቂት ሚሊሜትር ይገባል፤ ኢንፍራሬዱ ጠለቅ ይላል። በስፋት ተቀባይነት ያለው ማብራሪያ ብርሃኑ የሕዋስ ጉልበት ማምረቻ በሆነው ማይቶኮንድሪያ ይዋጣል የሚል ነው። ሳይቶክሮም ሲ ኦክሲዴዝ የተባለ ኤንዛይም ብርሃኑን ይቀበላል፣ ሕዋሱ የሚያመርተው ጉልበት ይጨምራል፣ ናይትሪክ ኦክሳይድ ተለቅቆ ትናንሽ ደም ሥሮችን ያሰፋል። በቤተ ሙከራ ይህ በተደጋጋሚ ታይቷል።

ታዲያ በሰው እግር ላይስ? እዚህ ላይ ግልጽ መሆን አለብን። የደም መላሽ ቁስልን በተመለከተ ጥናቶቹ ትናንሽ ናቸው። አንዱ አንድ ዓይነት የብርሃን ቀለም ይጠቀማል፣ ሌላው ሌላ። መጠኑም ይለያያል። አንዳንዶቹ ቁስሉ ቶሎ ጠበበ ይላሉ። ሌሎቹ የሌዘሩ መብራት ጠፍቶ እንደበራ ተደርጎ ከተሰጣቸው ሰዎች ጋር ሲያወዳድሩ ልዩነት አላገኙም። የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝነው የኮክሬን ድርጅት ገምጋሚዎች በ1999 የነበሩትን ጥናቶች ሰብስበው ሲያዩ ለደም መላሽ ቁስል ይጠቅማል የሚያሰኝ ማስረጃ አላገኙም። በስኳር ሕመምተኞች የእግር ቁስል ላይ የተሠሩ ጥናቶች ተስፋ ይሰጣሉ፤ የቁስሉ ስፋት የበለጠ ቀነሰ የሚሉ አሉ። እነሱም ግን ትናንሽ ናቸው።

ይህ ማለት ሌዘሩ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። ይኸው ብርሃን የካንሰር ሕክምና በሚያመጣው የአፍ ቁስል ላይ ጥሩ ማስረጃ አለው። ዓለም አቀፍ የካንሰር ደጋፊ ሕክምና መመሪያ ለተወሰኑ ሕመምተኞች እንዲሰጥ ይመክራል። ለአፍ የሠራ ለእግር ይሠራል ብሎ መደምደም ግን አይቻልም። እግር ላይ የተጠራቀመው ደም የሚፈጥረው ግፊት አለ፤ ብርሃኑ ላላ ቫልቭ የሚያደርግለት ነገር የለም። ስለዚህ ሌዘር ከመጭመቂያ ጋር የሚጨመር ነው። መጭመቂያውን ፈትቶ በቦታው ሌዘር የሚያስገባ ሰው፣ የሚሠራውን ጥሎ ያልተረጋገጠውን መርጧል።

ሌላው ጉዳይ መጠኑ ነው። ብርሃኑ ሲያንስ ምንም አያደርግም። ሲበዛ ደግሞ ጥቅሙ ይጠፋል፣ እንዲያውም መዳንን ሊያዘገይ ይችላል። በቁስል ላይ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው በካሬ ሴንቲሜትር ከ1 እስከ 10 ጁል (የጉልበት መለኪያ) ባለው ክልል ነው። ይህን ራስዎ ማስላት ይችላሉ፤ ደግሞም ማስላት አለብዎት። ቁስልዎ 5 በ4 ሴንቲሜትር ነው እንበል። ስፋቱ 20 ካሬ ሴንቲሜትር ይሆናል። ለእያንዳንዱ ካሬ 4 ጁል ቢታሰብ በጠቅላላ 80 ጁል ያስፈልጋል። የመሣሪያው ኃይል 100 ሚሊዋት ከሆነ በሴኮንድ 0.1 ጁል ይሰጣል። ስለዚህ 800 ሴኮንድ፣ ከ13 ደቂቃ በላይ ማብራት ያስፈልጋል። በዚሁ መሣሪያ ሁለት ደቂቃ አብርተው «ጨርሰናል» ካሉዎት የተሰጠው መጠን ከታሰበው በጣም ያነሰ ነው። የሞገድ ርዝመቱ፣ ኃይሉና የሚያበራው ስፋት ያልተጻፈበት መሣሪያ ከሆነ ደግሞ መጠኑን ማንም ሊያውቅ አይችልም። ለቤት የሚሸጡ ብዙ የብርሃን ዕቃዎች ላይ የማነሳው ቅሬታ ይህ ነው።

አሁን አሁን በሌዘር ፈንታ ኤልኢዲ መብራት ያላቸው መሣሪያዎችም በዝተዋል። ሰፊ ቁስል በአንድ ጊዜ ይሸፍናሉ። በዚያው ሞገድ ርዝመትና በዚያው መጠን እስከሠሩ ድረስ «ሌዘር ስላልሆነ አይረባም» ብዬ አልጥላቸውም።

ጉዳቱ አነስተኛ ነው፤ ይህ ትልቁ ጥንካሬው ነው። ሆኖም ጥንቃቄዎች አሉ። ክፍል 3ቢ የሚባሉት ሌዘሮች ዓይን ይጎዳሉ፤ ሕመምተኛውም ባለሙያውም መነጽር ማድረግ አለባቸው። ካንሰር ባለበት ወይም ሊኖር ይችላል ተብሎ በሚጠረጠር ቁስል ላይ አይበራም። ቆዳን ለብርሃን የሚያስቆጣ መድኃኒት የሚወስዱ አስቀድመው ይናገሩ። ምልልሱ ግን ብዙ ነው፦ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ፣ ለብዙ ሳምንታት። በየጊዜው ፋሻ ይፈታል፣ ይታሰራል። ወጪው የሚከማቸው እዚህ ነው።

ሌሎቹ በአጭሩ

ፔንቶክሲፊሊን የሚባል ክኒን አለ። 400 ሚሊግራም በቀን ሦስት ጊዜ ይሰጣል። ከመጭመቂያ ጋርም ሆነ ያለ መጭመቂያ የደም መላሽ ቁስልን ለማዳን እንደሚረዳ ጥናቶች ያሳያሉ። ሆድ ሊያስቀይም ይችላል፤ ደም የማፍሰስ ችግር ላለበት አይሆንም። ከሌዘር ይልቅ የተሻለ ማስረጃ አለው፤ ወሬው ግን ያነሰ ነው።

ቆዳ ማልበስ ትልቅና ንጹሕ ሆኖ ላልተዘጋ ቁስል ነው። ባለሁለት ንብርብር ሰው ሠራሽ ቆዳ ከመጭመቂያ ጋር ሲሆን መዳንን እንደሚያግዝ ታይቷል፤ በጣም ውድ ነው። ኦክስጅን በግፊት የሚሰጥበት ክፍል በዋናነት ለተመረጡ የስኳር ቁስሎች የሚታሰብ ነው። ለተለመደው የደም መላሽ ቁስል አልመክረውም። በፓምፕ የሚስብ መሸፈኛ ደግሞ ጥልቅ ቁስልን ለቆዳ ማልበስ ለማዘጋጀት ይጠቅማል።

በአንድ እይታ

| አማራጭ | ምክንያቱን ይነካል? | ማስረጃ (ለደም መላሽ ቁስል) | ዋና ስጋት | ምልልስ | ወጪ |
|---|---|---|---|---|---|
| መጭመቂያ ፋሻ | አዎ፣ በታሰረ ጊዜ | ጠንካራ | ደም ወሳጁ የጠበበበት እግር | በሳምንት 1 ገደማ | ዝቅተኛ እስከ መካከለኛ |
| መጭመቂያ ካልሲ | አዎ፣ በተደረገ ጊዜ | ጠንካራ | እንደ ፋሻው | ጥቂት | ዝቅተኛ |
| ደም መላሽ መዝጋት | አዎ፣ ከምንጩ | ጠንካራ | የደም መርጋት፣ የነርቭ መቆጣት (አልፎ አልፎ) | ጥቂት | መጀመሪያ ከፍተኛ |
| ውድ መሸፈኛ | አይ | ደካማ | የቆዳ መቆጣት | እንደ ፈሳሹ | ሲደመር ከፍተኛ |
| ፔንቶክሲፊሊን | በከፊል | ጥሩ | የሆድ መታወክ፣ መድማት | ጥቂት | ዝቅተኛ |
| ዝቅተኛ ኃይል ሌዘር | አይ | ደካማና የተለያየ | ዓይን፣ ያልታወቀ ካንሰር | በሳምንት 2 ወይም 3 | ሲደመር መካከለኛ እስከ ከፍተኛ |
| ቆዳ ማልበስ | አይ | መካከለኛ | አለመያዝ፣ ኢንፌክሽን | ቀዶ ሕክምናና ክትትል | ከፍተኛ |

ለየትኛው ሰው የትኛው?

ቁስሉ ገና ወራት ያልቆጠረ፣ የደም መላሽ መሆኑ የታወቀ፣ የግፊት ልኬቱም ጥሩ ከሆነ፦ መጭመቂያ ዛሬውኑ ይጀመር። ሥሩን በአልትራሳውንድ ለማየትም አብሮ ቀጠሮ ይያዝ። መዝጋቱ የሚጠቅመው በጊዜ ሲደረግ ስለሆነ «ፋሻው እስኪሞከር» ብለው ወራት አያሳልፉ። ሌዘሩን በዚህ ደረጃ አያስቡት።

ገንዘብ ካጠረ፦ የመጀመሪያው ወጪ የዶፕለር ልኬቱ ይሁን፣ ቀጥሎ መጭመቂያው። ከዚያ የሚቀረው ነጻ ነው። እግርን ከልብ ከፍታ በላይ አድርጎ በቀን ሦስት አራት ጊዜ ለግማሽ ሰዓት ማሳረፍ። መራመድ። ቆሞ ተረከዝን ከፍ ዝቅ ማድረግ፤ የባት ጡንቻ ሲኮማተር ደሙን ወደ ላይ ይገፋል። ለረጅም ሰዓት ቆሞ መዋል ወይም እግርን አንጠልጥሎ መቀመጥ ግን የለፉበትን ያፈርሳል።

ጤና ተቋም ሩቅ ከሆነ፦ ካልሲ ወይም በማጣበቂያ የሚታሰር መጠቅለያ። በሳምንት ሦስቴ ለሌዘር መመላለስ ለእርስዎ አይደለም።

መጭመቂያ በትክክል ታስሮ ሦስት ወር አልፎ ቁስሉ ካልጠበበ፦ ቀጣዩ እርምጃ ሌዘር አይደለም። ናሙና ተወስዶ ይመርመር። ለዓመታት የቆየ ቁስል ወደ ካንሰር ሊለወጥ ይችላል፤ በተለይ ጠርዙ ከፍ ብሎ ከተጠቀለለ ወይም በቀላሉ ከደማ። ካንሰር አለመኖሩ ከታወቀ፣ ሥሩም ከታየ፣ ፔንቶክሲፊሊን፣ ቆዳ ማልበስ ወይም ሌዘር እንደ ጭማሪ ይመጣሉ። በዚህ ቦታ ላይ ሌዘርን መሞከር አልቃወምም። ጉዳቱ ትንሽ ነው፤ ሌሎቹ በሮችም ተንኳኩተዋል።

ደም ወሳጁ ከጠበበ፦ ደም ወደ እግር የሚደርስበት መንገድ መከፈት አለበት። ሌዘር ቁስል ላይ እያበሩ መቆየት ውድ ጊዜ ያስበላል።

የስኳር ሕመምተኛ ከሆኑ፦ ክብደቱ ከቁስሉ ላይ ይነሳ፤ በልዩ ጫማ ወይም በጄሶ። ስኳሩ ይስተካከል፣ ኢንፌክሽኑ ይታከም፣ የደም ዝውውሩ ይታይ። ሌዘር ከእነዚህ በኋላ ነው።

ሌዘሩን ለመሞከር ከወሰኑ

ከመክፈልዎ በፊት እነዚህን ይጠይቁ። የሞገድ ርዝመቱ ስንት ነው? ኃይሉ ስንት ሚሊዋት ነው? በካሬ ሴንቲሜትር ስንት ጁል ትሰጡኛላችሁ? ለቁስሌ ስፋት ስንት ደቂቃ ይወስዳል? መጭመቂያዬስ ይቀጥላል? ለመጨረሻው ጥያቄ «አያስፈልግም» ካሉዎት ሌላ ቦታ ይፈልጉ። ለቀደሙት ቁጥር የሌለው መልስ ከሰጡዎትም እንደዚሁ። ጥሩ ባለሙያ በእነዚህ ጥያቄዎች አይቆጣም፤ መልሱን መዝገቡ ላይ ጽፎታል።

የብዙ ወር ክፍያ ባንድ ጊዜ አይፈጽሙ። ከመጀመሪያው ቀን በፊት የቁስሉን ርዝመትና ስፋት በማስመሪያ ለክተው ይጻፉ፤ ማስመሪያውን ከጎኑ አድርገው ፎቶ ያንሱ። በየሳምንቱ በተመሳሳይ ቀን ይድገሙት። ርዝመቱን በስፋቱ ያባዙና ከመጀመሪያው ጋር ያወዳድሩ። አራት ሳምንት ላይ ቁስሉ ከመነሻው በ40 በመቶ ገደማ ካልቀነሰ በያዘው መንገድ የመዳን ዕድሉ ዝቅተኛ ነው። ያኔ ሌዘሩን አቁመው ምርመራውን እንደገና ያስጀምሩ። ከቀነሰ ይቀጥሉ፤ ግን ሌዘሩና መጭመቂያው አብረው ስለተደረጉ ምስጋናውን ለሌዘሩ ብቻ ሰጥተው ፋሻውን እንዳይጥሉ።

ቁስሉ ከተዘጋ በኋላም መጭመቂያ ካልሲው ቀን ቀን ይቀጥላል፤ ጠዋት ከአልጋ ሳይወርዱ ይደረጋል፣ ማታ ይወልቃል። ካልሲው እያደር ስለሚላላ በየስድስት ወሩ ገደማ በአዲስ ይተካል። ያን ጊዜ እግርዎ እንደገና ይለካ፤ እብጠቱ ሲወርድ መጠኑ ይቀየራልና።